የደም ግፊት አለካክ፦ ድሬና ሐረር ላይ ክኒን ከመጻፋችሁ በፊት

ቻርቱ ላይ «ቢፒ (የደም ግፊት) 150/90» ተጽፏል፤ እዚህ ያሉት የግፊት ቁጥሮች ሁሉ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ናቸው። በየትኛው ክንድ እንደተለካ የለም። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ የለም። ሁለቱም ቁጥሮች በዜሮ ያልቃሉ፤ ተጠጋግተው እንዳይሆን ይህ ብቻውን ያስጠረጥራል። ታካሚው ግን ያቺን ቁጥር ይዞ ገብቶ አምሎዲፒን የተባለ የግፊት ክኒን ይዞ ወጥቷል። ምናልባትም ዕድሜ ልኩን ይውጠዋል።

ይህ መመሪያ ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ በጤና ጣቢያ፣ በክሊኒክና በሆስፒታል ኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና) ለምትሠሩ የቤተሰብ ሐኪሞች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች ነው። ትሪያጅ (ታካሚ መለያ) ላይ ያላችሁ ነርሶችም አንብቡት፤ ዋናው ሥራ የእናንተ ነውና። የአለካኩ ሕግ የትም ያው ነው። እዚህ የሚያስቸግረን ጫቱ፣ ሙቀቱና ወረፋው ነው።

## ደረጃ 1፦ መሣሪያውን ፈትሹ

ሰኞ ጠዋት፣ ወረፋው ሳይጀምር አድርጉት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

1. ካፉ (ክንድ ላይ የሚታሰረው) ባዶ ሆኖ ጠቋሚውን እዩ። ዜሮ ላይ ካልቆመ መሣሪያው ከሥራ ይውጣ። በጣት መታ መታ አድርጎ ማስተካከል የለም። «ሁልጊዜ 6 ስለሚጨምር 6 እንቀንስለታለን» የሚባለውም አይሠራም። ዜሮ ላይ 6 የሚሳሳት መሣሪያ 160 ላይ ስንት እንደሚሳሳት አይታወቅም።

2. ካፉን ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ ጠቅልሉት። ቫልቩን ዝጉ፣ እስከ 200 ንፉ፣ 1 ደቂቃ ጠብቁ። ከ4 በላይ ከወረደ አየር ያስወጣል። መጀመሪያ ቫልቩን ፈትታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የድሬ አቧራ የማይገባበት የለም። ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ይቀየር፤ ፕላስተር አያድነውም።

3. በ6 ወር አንዴ ባዮሜዲካል ባለሙያ ከትክክለኛ መሣሪያ ጋር ያነጻጽርላችሁ። ልዩነቱ ከ3 በላይ ከሆነ ይስተካከል። ቢፒ አፓራተሱ መሬት ወድቆ ከነበረ 6 ወር አትጠብቁ።

4. ዲጂታል ከሆነ ባትሪውን እዩ። የደከመ ባትሪ ካፉን በወጉ አይነፋም።

### የካፉ መጠን

ብዙ ቦታ ያለው አንድ ካፍ ነው። ለቀጭኑም ለወፍራሙም እሱው ይታሰራል። አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙና ትሪያጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ያለውን መሐል ዙሪያውን ለኩ፦

- ከ22 እስከ 26 ሴንቲ ሜትር፦ ትንሹ የአዋቂ ካፍ
- ከ27 እስከ 34፦ መደበኛው
- ከ35 እስከ 44፦ ትልቁ
- ከ45 እስከ 52፦ የጭን ካፍ

በወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ካፍ ማሰር ንባቡን ከፍ ያደርጋል፤ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። በቀጭን ክንድ ላይ ሰፊ ካፍ ማሰር ደግሞ ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ለብዙ ዓመት የቃሙ፣ ምግብ የማይበሉ ቀጫጭን አባቶች እዚህ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ትንሹም ካፍ ያስፈልጋችኋል። በጀቱ አንድ ተጨማሪ ካፍ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ግን ትልቁን ግዙ።

## ደረጃ 2፦ ወንበሩን አዘጋጁ

መደገፊያ ያለው ወንበር ያስፈልጋል። አግዳሚ አይሆንም። ክንድ የሚያርፍበት ጠረጴዛም ያስፈልጋል። ቁመቱ ካነሰ የተጣጠፈ አንሶላ ከክንዱ ሥር አድርጉ። ከልብ በታች 10 ሴንቲ ሜትር የወረደ ክንድ ንባቡን ወደ 8 ገደማ ይጨምራል። 134 የነበረው 142 ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ክኒን የሚያስጀምረው ልዩነት ይቺው ናት።

አምስት ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ነው። «መቶ ሰው ተሰልፎ አምስት ደቂቃ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ሁለት ወንበር ነው። አንዱ የመለኪያ፣ ሌላው የማረፊያ። የመጀመሪያውን ስትለኩ ቀጣዩ አጠገባችሁ በማረፊያው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሲደርስ ዕረፍቱን ጨርሷል። ወረፋው አንድ ደቂቃ እንኳ አይረዝምም።

ማረፊያው ጥላ ውስጥ ይሁን። ከቀፊራ ገበያ በቀትር ፀሐይ በእግሩ የመጣ ሰው አምስት ደቂቃው የሚጀምረው ላቡ ሲደርቅ ነው። ውሃ ስጡት። ስልክ አያናግር፣ ከጎኑ ካለ ሰው ጋርም አያውራ። እዚህ አገር ይቺ ከባድ ናት። ሰው ተቀምጦ ዝም ካለ የታመመ ይመስላል። ቢሆንም እያወሩ መለካት ንባቡን 10 ገደማ ሊያስጨምር ይችላል። በትህትና «አባባ፣ እስክጨርስ ዝም ይበሉልኝ» በሏቸው።

## ደረጃ 3፦ ከመለካታችሁ በፊት ጠይቁ

ባለፈው 30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራ፣ ሺሻ ወይም ሩጫ ነበር? ከነበረ ጠብቁ። ሽንት ይዞታል? መጀመሪያ ይሂድ፤ የሞላ ፊኛ ከ10 በላይ ሊጨምር ይችላል።

«ቡና ጠጥተዋል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሐረር ላይ ከቤታቸው ቁጢ ጠጥተው የመጡ እናት «ኧረ አልጠጣሁም» ይሏችኋል። አልዋሹም። የቡና ቅጠሉም ካፌን አለው። ስለዚህ ቁጢውንም፣ ሻዩንም ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

መድኃኒትም ጠይቁ። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ሲወጋ የሰነበተ፣ አይቡፕሮፌን የማይለየው፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ፣ ለጉንፋን የአፍንጫ መክፈቻ የሚጠቀም፤ ሁሉም ግፊታቸው ሊጨምር ይችላል። ለማወፈር ተብለው በየሱቁ የሚሸጡ ክኒኖችንም አትርሱ፤ ዴክሳሜታዞን ሊኖርባቸው ይችላል። ክኒኑን ካላወቃችሁት «ነገ ማሸጊያውን ይዘው ይምጡ» በሉ።

### የጫቱ ጥያቄ

ይህን ክፍል አትዝለሉት።

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ጭማሪው እየቃሙ ሳለ ይወጣል፣ ካቆሙም በኋላ ወዲያው አይወርድም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር የሰውየው ነው ወይስ የበርጫው (የከሰዓቱ የጫት ቅሚያ)? ካልጠየቃችሁ አታውቁም።

አጠያየቁ ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት። «ጫት ይቅማሉ?» የሚለው ጥያቄ ወቀሳ ይመስላል፤ ሰው ይሸሸጋል። «ዛሬ ቅመዋል?» ሲባልም አንዳንዱ በርጫውን ብቻ ያስባል። ጠዋት ዓይን ለመግለጥ የቀነጠባትን ኢጃበና አይቆጥራትም። እንዲህ ብትጠይቁ ይሻላል፦

- «ዛሬ ከነቁ ጀምሮ ጫት አፍዎ ገብቷል? ለኢጃበናም ቢሆን?»
- «ትናንት በርጫው ስንት ሰዓት ላይ አለቀ? እንቅልፍስ ተኙ?»
- «ጨብሲ ነበር?» ጨብሲ ከጫት በኋላ የሚጠጣው አልኮል ነው፤ የአልኮሉም የእንቅልፍ ማጣቱም ድርሻ አላቸው።

በኦሮምኛና በሶማልኛም ጥያቄዎቹን አጥኗቸው። ልጁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አባትን ስለ ጨብሲ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም።

ቅሟል እንበል። አትመልሱት። ድጋሚ ላይመጣ ይችላል። ለኩት፣ «ከጫት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ፣ ምርመራውን ግን በዚያ ቁጥር አትዝጉ። በሌላ ቀን ጠዋት፣ ምንም ሳይቅም እንዲመጣ ቅጠሩት። ልዩ ሁኔታ አለ፦ ግፊቱ እጅግ ከፍ ካለ ወይም የአደጋ ምልክት ካለው ጫት ሰበብ አይሁን። ጫት የቃመም ሰው ስትሮክ ይይዘዋል።

ጠዋት 128፣ ከሰዓት 156 የሚሆን ሰውስ? እዚህ ላይ የኔን አቋም ልንገራችሁ። ለምርመራ የምጠቀመው የጠዋቱን ነው። ነገር ግን ሰውየው በየቀኑ ከምሳ እስከ ማታ የሚቅም ከሆነ፣ ልቡና ኩላሊቱ የሚሸከሙት የከሰዓቱንም ግፊት ነው። «ጤነኛ ነህ» ብዬ አልሸኘውም። ሁለቱንም ቁጥር አሳየዋለሁ። ክኒን ሳልጽፍ በቅርብ እከታተለዋለሁ፣ መጠኑን እንዲቀንስ እነግረዋለሁ። ብዙ ሰው ከምክር ይልቅ የራሱን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ሲያይ ይደነግጣል።

## ደረጃ 4፦ ለኩ

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ።

1. ጀርባው ወንበሩን ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ እግር በእግር ላይ አይነባበር።
2. ክንዱን ግለጡ። በልብስ ላይ አትለኩ። እጅጌው ወደ ላይ ሲጠቀለል ክንዱን የሚያንቀው ከሆነ ይውለቅ። ለሴቶች መጋረጃ ይኑራችሁ። አባያ ለብሳ የመጣች እናት በወንዶች ወረፋ ፊት እጅጌዋን ላታወልቅ ትችላለች። በልብሷ ላይ ለክቶ ማለፍ መፍትሔ አይደለም።
3. በክርን እጥፋት ላይ የብራኪያል (የክንዱን ደም ሥር) ትርታ በጣት ፈልጉ። የካፉ ምልክት ትርታው ላይ ይሁን፣ ታችኛው ጠርዝ ከእጥፋቱ 2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሁለት ጣት ካስገባ ጥብቀቱ ልክ ነው።
4. የካፉ መሐል በልብ ቁመት፣ ማለትም በደረት አጥንት መሐል ላይ ይሁን። ክንዱን ጠረጴዛው ይያዘው፣ ታካሚው ራሱ አያንሳው።
5. የእጅ አንጓ ትርታውን እየዳሰሳችሁ ንፉ። ትርታው የጠፋበትን ቁጥር ያዙ። አየሩን አስወጡ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ጠብቁ።
6. ስቴቶስኮፑን ትርታው ላይ አድርጉ፣ ካፉ ሥር አትወትፉት። ከያዛችሁት ቁጥር 30 ጨምራችሁ ንፉ።
7. በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ብቻ እያወረዳችሁ ልቀቁ። ጠቋሚው በየትርታው ትንሽ ትንሽ ሲወርድ ፍጥነቱ ልክ ነው። ሽው ብሎ ከወረደ ላይኛው ቁጥር ያንሳል፣ ታችኛው ይጨምራል።
8. የመጀመሪያው ተከታታይ ድምፅ ላይኛው ቁጥር ነው። ድምፁ ፈጽሞ የጠፋበት ታችኛው ነው። በ2 የሚካፈለውን ቅርብ ቁጥር ጻፉ፦ 146፣ 92። ወደ 150 አታጠጋጉ።

አምስተኛውን ተራ ሁሉም ይዘለዋል። መዘዙ ይህ ነው፦ በአንዳንድ ታካሚዎች፣ በተለይ በዕድሜ የገፉና ግፊታቸው ከፍተኛ የሆነ፣ ድምፁ ከተሰማ በኋላ መሐል ላይ ይጠፋና እንደገና ይመጣል። በግምት እስከ 160 ብቻ ከነፋችሁ የምትሰሙት ሁለተኛውን ድምፅ ይሆናል። 190 የነበረው 150 ተብሎ ይጻፋል። ትርታ መዳሰስ 20 ሰከንድ ነው።

## ደረጃ 5፦ ድገሙ

አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ግፊት ለውሳኔ አይበቃም። ከ1 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። ሁለቱ ከ10 በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ጨምሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት አማካይ ውሰዱ።

ለአዲስ ታካሚ ሁለቱንም ክንድ ለኩ። ከፍ ያለውን ምረጡና ቻርቱ ሽፋን ላይ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በዚያው ይለካ። ልዩነቱ በድጋሚ ልኬትም ከ20 በላይ ከሆነ የደም ሥር ችግር ሊኖር ይችላል፣ ይመርመር። ለዲያሊሲስ የተሠራ የደም ሥር ያለበት ክንድ ላይ ካፍ አይታሰርም።

ለአረጋውያን፣ ለስኳር ታካሚዎችና ሲነሱ ለሚያዞራቸው የቁም ልኬት ጨምሩ፦ ከተነሱ በ1 እና በ3 ደቂቃ። ላይኛው በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ አስቡበት። ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ይህ ይበዛል። ሰውየው በቀዝቃዛዎቹ ወራት በደህና የወሰደው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን) በሙቀቱ ወራት ላብ ሲጨመርበት ይጥለዋል። ከሐረር ወርዶ ድሬ የከረመ ታካሚም እንደዚያው ነው። መጠኑን ከመቀየራችሁ በፊት ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ጠይቁት።

## ደረጃ 6፦ በትክክል ጻፉ

እንዲህ፦ «3:20 ጠዋት፣ ቀኝ ክንድ፣ ትልቁ ካፍ፣ 148/94 እና 144/92፣ ምት 78፣ ጫት የለም፣ ክኒን ዛሬ አልወሰደም»። አንድ መስመር ነው። ቀጣዩ ሐኪም ይመርቃችኋል።

## ደረጃ 7፦ ወስኑ

- በሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ቀናት አማካዩ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት አለ።
- 180/110 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የልብ፣ የአንጎል ወይም የኩላሊት ጉዳት ማስረጃ ካለ በአንድ ቀን ይወሰናል።
- ከ130 እስከ 139 ወይም ከ85 እስከ 89 ከሆነ ጨው፣ ክብደት፣ ጫትና ሲጋራ ላይ ሥሩ፣ ቅጠሩ። ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን ክኒን ቀድሞ ሊያስፈልገው ይችላል።

ክኒኑን ያላቆመ የሚመስለን ታካሚ ግፊቱ ሲያሻቅብ ሁለተኛ ክኒን ከመጨመር በፊት «መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው?» በሉ። «ለምርመራ ስለምመጣ ዛሬ ተውኩት» የሚል ብዙ ነው።

## ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ድምፁ አይሰማም። የካፉን አየር ሙሉ በሙሉ አስወጡ። ክንዱን ለግማሽ ደቂቃ ከጭንቅላት በላይ ያንሳ፣ ጣቶቹን ይክፈት ይጨብጥ። ክንዱን አውርዱ፣ ቶሎ ንፉ፣ ለኩ። መሐል ላይ ቆማችሁ ድጋሚ አትንፉ።

ድምፁ እስከ ዜሮ ድረስ ይሰማል። በእርጉዞች ይታያል። ድምፁ ድንገት የታፈነበትን ቁጥር ውሰዱ፣ ሦስቱንም ጻፉ፦ 138/84/0።

ምቱ ይዘባረቃል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ ምት መዛባት) ሊሆን ይችላል። ዲጂታሉን አትመኑ። በጆሮ፣ ዝግ እያላችሁ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ለኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ላኩ።

ታካሚዋ እርጉዝ ናት። 140/90 ከሆነ ሽንቷን ለፕሮቲን መርምሩ። 160/110 ከሆነ በ15 ደቂቃ ውስጥ ድገሙት። ከጸና ድንገተኛ ነው፤ ሕክምና እዚያው ጀምራችሁ ላኳት። ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም ከጎድን ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ካለ ቀጠሮ አይሰጥም።

190/115 ሆነ፣ ሰውየው ግን ምንም አላመመውም። እዚህ ላይ ነው እጅ የሚፈጥነው። ኒፌዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ከምላስ ሥር አታድርጉ። ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ወግታችሁ ቁጥሩ እስኪወርድ አትጠብቁ። ግፊት በድንገት ሲወድቅ አንጎልና ልብ ደም ያጥራቸዋል፤ ስትሮክ የሚያመጣው መድኃኒቱ ይሆናል። ጸጥ ባለ ክፍል 30 ደቂቃ አሳርፉት፣ ድገሙ። አሁንም ከፍ ካለ የሚዋጥ ክኒን ጀምሩ ወይም ያቋረጠውን መልሱ፣ በሳምንት ውስጥ እዩት። ቤተሰቡ «ሳይወርድ እንዴት ትልኩታላችሁ?» ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

190/115 ሆኖ ምልክት አለው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መደናገር፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መስነፍ፣ የዓይን ብርሃን ድንገት መቀነስ። አትዘግዩ። ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ደውላችሁ ላኩ። ስትሮክ ከጠረጠራችሁ ሲቲ ስካን ሳይታይ ግፊቱን ለመጣል አትጣደፉ፤ ስኳሩን ለኩ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

ረመዳን ነው። ጾሙን የያዘ ታካሚ ክኒኑን በራሱ ያዛውራል ወይም ይተወዋል። ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ለማፍጠሪያ ወይም ለሱሁር ይመቻል። ሽንት የሚያበዛውን በሙቀት ቀናት በጥንቃቄ። በርጫው ወደ ሌሊት ስለሚዞር የጠዋት ልኬቱም «ንጹሕ» ላይሆን ይችላል፤ የጫቱን ጥያቄ በሌሊቱ ሰዓት አስተካክላችሁ ጠይቁ።

## ቤት ውስጥ ለሚለኩ

ብዙ ቤተሰብ ዘመድ ከውጭ የላከለት ዲጂታል መሣሪያ አለው። ተጠቀሙበት። ሐኪም ፊት ብቻ ግፊቱ የሚጨምረውን ሰው የምትለዩት በዚህ ነው።

1. ለ7 ቀን፣ ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት። ጠዋት ከክኒንና ከኢጃበና በፊት።
2. ሁሉንም ይጻፍ፣ የቃመበትን ቀን ምልክት ያድርግበት።
3. የመጀመሪያውን ቀን ጣሉ፣ የቀሩትን አማካይ አውጡ። የቤት መነሻው 135/85 ነው።
4. መሣሪያውን ይዞ ይምጣ። በእናንተና በእሱ መሣሪያ በተከታታይ ለኩ። ልዩነቱ እስከ 5 ከሆነ ይጠቀምበት፣ ከ10 ካለፈ ይተወው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ዓይነት ከሆነ የክንዱን እንዲገዛ ምከሩት፤ የአንጓው እጁ ትንሽ ከልብ ቁመት ሲወርድ ቁጥሩን ያበላሻል።